ለሰው ጆሮ የተጠመጠመ ሽቦ

ጋሽ ዳልሆ ያቺን የጊታር ፒክአፕ በጨርቅ ጠቅልለው በደረጃው ብቅ ሲሉ ገና ከሩቅ አየኋቸውና ደሜ ፈላ። በዚያ ዓመት ከሸጥኩላቸው ውስጥ ሲመልሱብኝ ሦስተኛዋ መሆኗ ነው። ሰው ሥራዬን ሲያናንቅብኝ አልወድም። ይሄን አመሌን ናክዎን የሙዚቃ መሣሪያ ገበያ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ አለ ከተባለም ትናንት የገባ ነው።

ሱቄ ሁለተኛው ፎቅ ላይ በሳክስፎን ጠጋኙና በከበሮ ሻጩ መካከል የተሰነቀረች ጠባብ ቦታ ናት። እዚያ ተቀምጬ ፒክአፕ እጠመጥማለሁ። ከኤሌክትሪክ ጊታር ክሮች ሥር የምትገጠመዋን፣ በማግኔቶቿ ዙሪያ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ብዙ ሺ ጊዜ የሚዞርባትን ዕቃ ማለቴ ነው። ክሩ ሲንቀጠቀጥ እሷ ንዝረቱን ወደ ኤሌክትሪክ ትለውጠዋለች፤ ከዚያ ወዲያ ያለው የአምፕሊፋየሩ ሥራ ነው። እሷ ከሌለች ጊታሩ ክር የተወጠረበት ጣውላ ሆኖ ይቀራል። ልጅ ሳለሁ ኢንቾን ከተማ ጊታር ፋብሪካ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር በረድፍ ተቀምጬ ስጠመጥም አደግኩ። ፋብሪካው ሥራውን ወደ ሌላ አገር ሲያዛውር አንዷን አሮጌ መጠምጠሚያ ማሽን ገዝቼ ሴኡል መጣሁ። ሌላ ሙያ የለኝም፣ ኖሮኝም አልፈለግኩ።

ጋሽ ዳልሆ ጊታር የሚጫወቱት ከገበያው ጀርባ ባለው የዳንስ አዳራሽ ነው። አዳራሹ ከሰዓት በኋላ ይከፈታል፤ የሚመጡት ጡረታ የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ከለስላሳ በቀር መጠጥ የለም። አሮጊቶቹ ተኳኩለው፣ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ወልውለው ይመጡና ወገባቸው እስከፈቀደላቸው ይደንሳሉ። እንዲህ ያሉት አዳራሾች አብዛኞቹ በካሴት ነው የሚሠሩት፤ ይሄኛው ግን ባንድ አለው። መሪዋ እትዬ ጌዎል ናቸው፤ አኮርዲዮን እየተጫወቱ ይዘፍናሉ፤ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሁሉንም ሰው አንተና አንቺ ነው የሚሉት። ጋሽ ዳልሆ ከእሳቸው ጋር በየሠርጉና በየልደቱ ሲዞሩ ነው ፀጉራቸው የነጣው።

ከዚያ ዓመት መጋቢት ጀምሮ ታዲያ በጋሽ ዳልሆ ጊታር ላይ ወሬ ተነሣ። ድምፁ ጆሮ ይበሳል ተባለ። እሳቸው ብቻቸውን የሚጫወቱበት ቦታ ሲደርስ ሴቶቹ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ይዘው ወደ ወንበራቸው ይመለሱ ነበር አሉ። ለሳክስፎን ጠጋኙ ተነገረው፣ ለከበሮ ሻጩ ተነገረው፣ ለእኔም ደረሰኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ ያልሰሙት እሳቸው ብቻ ነበሩ። በመጨረሻ እትዬ ጌዎል በጥቅምት ወር ጠርተዋቸው እስከ ዶንግጂ ጊዜ ሰጧቸው። ዶንግጂ ሌሊቱ ከዓመቱ ሁሉ የሚረዝምበት፣ የቀይ ባቄላ ገንፎ የሚበላበት ቀን ነው፤ አዳራሹም በዚያ ቀን ጢም ይላል። እስከዚያ ድምፅህን ካላስተካከልክ ሌላ ጊታሪስት አመጣለሁ አሏቸው። ጋሽ ዳልሆ ይሄን የነገሩኝ እየሳቁ ነበር፤ ሳቁ ግን ከጥርስ አላለፈም።

እሳቸው ወሬው ሳይደርሳቸው ጀምሮ ድምፄ ታፈነብኝ እያሉ ጥፋቱን የጣሉት ፒክአፗ ላይ ነው። መጀመሪያ አሥራ አራት ኪሎ ያላት ስጪኝ ብለው መጡ።

ስለ ኪሎው ትንሽ ልበል። የሽቦው ሙሉ ርዝመት ለኤሌክትሪክ የሚፈጥረው እንቅፋት በኪሎ ኦም ይለካል፤ በእኛ ገበያ ግን ኦም የሚለውን ማንም አይለውም። ሰዉ ሥጋ ቤት እንደገባ ሁሉ «ስንት ኪሎ አላት?» ብሎ ይጠይቃል፣ ትልቅ ቁጥር ሲሰማ ደስ ይለዋል። ከፍ ያለ ኪሎ ከፍ ያለ ድምፅ ይመስለዋል። እኔም ስንቱን አስተምሬ እዘልቃለሁ፤ የጠየቁትን እሰጣለሁ። ጋሽ ዳልሆ አሥራ አራቷን ወስደው በሳምንቱ መለሱልኝ፤ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና የምትዘፍን ትመስለኛለች አሉ። እውነታቸውን ነው፣ ብዙ ሽቦ የተጠመጠመባት ደብዛዛ ትሆናለች። ዘጠኝ ሰጠኋቸው፤ እሷንም መለሱ። ሴኡል በሙቀት በምትነድበት በነሐሴ፣ በገበያው ውስጥ ካሉት ሁሉ የጠራችውን፣ ስድስት ነጥብ ሁለት ኪሎ ያላትን፣ ሽቦውን በእጄ እየመራሁ የጠመጠምኳትን ሰጠኋቸው። ኅዳር ላይ ነው እንግዲህ እሷኑ በጨርቅ ጠቅልለው የመጡት።

ይባስ ብለው ከኪሳቸው አንዲት ቢጫ መለኪያ አወጡ። ከምድር ቤት የገዟት ርካሽ መለኪያ ናት። ጠረጴዛዬ ላይ ፒክአፗን ዘርግተው ለኩና ቁጥሩን ወደ እኔ አዞሩት። አምስት ነጥብ ስምንት ይላል።

«ሱንሬ» አሉኝ፤ «ስድስት ነጥብ ሁለት ብለሽ ነው የሸጥሽልኝ። ቀሪውን ለማን ሸጥሽው?»

የጎረቤቶቼ ሳቅ ከግራም ከቀኝም ተሰማ። ዓይኔ ደም ለበሰ። ሳልመልስላቸው ፒክአፗን አንስቼ ከተቀመጥኩበት በኤሌክትሪክ ከሚሞቀው ምንጣፍ ሥር ከተትኳትና እንደ ዶሮ ተቀመጥኩባት። ኅዳር ውስጥ ያለዚህ ምንጣፍ በዚህ ገበያ የሚውል ነጋዴ የለም። ጋሽ ዳልሆ ምን እየሆንኩ እንደሆነ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። ገብስ ሻይ ቀዳሁላቸው፤ ጠጡ። ሲጨርሱ ፒክአፗን አውጥቼ በራሳቸው መለኪያ ለካሁላቸው። ስድስት ነጥብ ሁለት ሆነች፤ እንዲያውም ጥቂት አለፈች።

«ቀሪው እዚሁ ሥሬ ነበር» አልኳቸው። «መዳብ ሲሞቅ እንቅፋቱ ይጨምራል፣ ሲበርደው ይቀንሳል። የገዟት በነሐሴ ነው፤ አሁን ኅዳር ነው። ሌባ ካሉ ብርዱን ይክሰሱ።»

ከበሮ ሻጩ አንዱን ከበሮ በሁለት እጁ እያንደቀደቀ አጀበኝ። ጋሽ ዳልሆ ሲሸነፉ የሚያምርባቸው ሰው ናቸው፤ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡኝና ሳቁ። ከዚያ ሳቁ ፊታቸው ላይ ሳያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ያም ሆኖ ድምፅዋ አሁንም እንደታፈነ ነው አሉኝ። ያችን የጠራች ፒክአፕ! ሌባ ቢሉኝ ይሻለኝ ነበር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ብዬ አስቀመጥኳቸው። ዛሬ ፒክአፕ ምን እንደሆነች ሳይማሩ ከዚህ አይነሱም፣ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሰልችቶኛል አልኳቸው። ትሑት ተማሪ ይሆናሉ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር። ካፖርታቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ ከጎኔ ተቀመጡ።

መጀመሪያ ኪሎውን አፈረስኩባቸው። ሁለት ጥቅል ሽቦ አወጣሁ፤ አንዱ ከሌላው በትንሹ ይቀጥናል። በሁለቱም እኩል ዙር ብጠመጥም ቀጭኑ ቁጥሩን ከፍ ያደርገዋል፤ ድምፁ ግን በዚያ ልክ አይጨምርም። ቁጥሩ የሚነግረን የሽቦውን ርዝመትና ቅጥነት፣ እንዳየነው ደግሞ የአየሩን ጠባይ ነው አልኳቸው። ታዲያ ለምን ሰው ሁሉ በእሱ ይገዛል ብለው ጠየቁኝ። ርካሽ መለኪያ ሌላውን መለካት ስለማትችል ነው አልኩ። ይሄን ሲሰሙ ቢጫዋን መለኪያ አዩና መልሰው ኪሳቸው ከተቷት።

ቀጥዬ ሄንሪ የሚባለውን ነገርኳቸው። የተጠመጠመ ሽቦ ቶሎ ቶሎ የሚለዋወጥ ነገር አይወድም፤ ቀጭን ድምፅ ደግሞ ፈጥኖ የሚመላለስ ንዝረት ነው። ያ እንቢታ በሄንሪ ይለካል። ሄንሪው ሲበዛ ቀጭኑ ድምፅ ይታገድና ፒክአፗ ትወፍራለች፤ ሲያንስ ትጠራለች። የእሳቸው ሁለት ነጥብ ሁለት ናት፤ አሥራ አራት ኪሎዋ ከሰባት በላይ ነበረች። ብርድ ልብሱ የቱ ጋ እንደነበረ ወዲያው ገባቸው።

መጨረሻ ላይ እኔ ከሁሉ በላይ የማምንበትን ቁጥር አሳየኋቸው። እያንዳንዷ ፒክአፕ ከሁሉ አብልጣ የምትናገርበት ቦታ አላት፤ እዚያ ላይ ድምፁ ኮረብታ ሠርቶ ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ቁልቁል ይወርዳል። ኮረብታው ከፍ ባለ ቁጥር ላይ ከሆነ ድምፁ ብሩህ ነው፤ ዝቅ ባለ ቁጥር ላይ ከሆነ ደግሞ ወፍራም ነው። አንድ መሐንዲስ ደንበኛዬ የሠራልኝ ሳጥን ያንን ቦታ ፈልጋ በሴኮንድ ስንት ንዝረት ላይ እንዳለ በቁጥር ታሳያለች። ከጊታር እስከ አምፕሊፋየር የሚሄደው ገመድ ሳይቀር ኮረብታውን ወደ ታች ይጎትተዋል አልኳቸው፤ ወዲያው የአዳራሹን ገመድ ርዝመት ነግረውኝ በስንት እንደሚጎትት ጠየቁኝ። ጎበዝ ናቸው። ንዴቴም እየበረደ፣ እውነቱን ለመናገር ማስተማሩ እየጣመኝ ሄደ።

በጠረጴዛዬ ላይ ለመፈተሻ የማስቀምጠው ጀርባው የተከፈተ ጊታር አለ። የእሳቸውን ፒክአፕ እዚያ ላይ ገጠምኩና አራት ቦታ ከሚቆም ማዞሪያ ጋር አገናኘኋት። ማዞሪያው ከአንደኛው በቀር በየቦታው እንደ ገመዱ ቁልቁል የሚጎትት የተለያየ ካፓሲተር ስለሚጨምር የአንዷ ፒክአፕ ኮረብታ አራት ቦታ ላይ ይቆማል። በሳጥኗ አብረን ለክተን ቁጥሩን በየቦታው አጠገብ ጻፍን። አንደኛው ላይ አራት ሺ ስምንት መቶ፣ ሁለተኛው ላይ ሦስት ሺ ዘጠኝ መቶ፣ ሦስተኛው ላይ ሦስት ሺ አንድ መቶ፣ አራተኛው ላይ ሁለት ሺ። አንደኛው የእሳቸው ፒክአፕ ባዶዋን ናት፤ በነሐሴ ሠርቼ የሰጠኋቸው ድምፅ። ጀርባዎን ያዙሩ፣ አንዷን ዜማ እየደጋገምኩ እጫወታለሁ፣ የቱ ቦታ ላይ እንዳለሁ ይንገሩኝ አልኳቸው። ሐሳቤ ቀላል ነበር። አንደኛዋ ስትመጣ ጥራቷን ይሰሙና የታፈነች ነው ያሉበትን አፋቸውን ይይዛሉ።

አራተኛው ላይ ጀመርኩ። «አራተኛ» አሉ ሳያመነቱ። «ደግሞ ሦስተኛው ክርሽ ወርዷል፤ መቃኘት ትተሻል እንዴ?» እውነት ወርዶ ነበር፤ ቃኘሁት።

አንደኛው ላይ አደረግኩ። ሁለተኛ ይመስለኛል አሉ። ሦስተኛው ላይ አደረግኩ፤ አሁንም ሁለተኛ አሉ። ሁለተኛው ላይ ሳደርገው ሦስተኛ አሉኝ። እየቀለዱብኝ መሰለኝና ከሦስተኛው ወደ አንደኛው፣ ከአንደኛው ወደ ሦስተኛው መላልሼ ተጫወትኩ። ልዩነቱ የእኔን የስድሳ ዓመት ጆሮ እንኳ ይቆነጥጠዋል። ጋሽ ዳልሆ ግን አንገታቸውን ደፍተው ሲያዳምጡ ቆዩና አሁን መቀያየሩን ትተሻል፣ ያው ነው አሉ።

በዚህ መሀል ሳክስፎን ጠጋኙ ከጣውላው ግድግዳ ወዲያ ማዶ ተጣራ። «ሱንሬ፣ ወደ ቅድሟ መልሻት፤ ይቺ ጥርሴን በላችኝ።»

«ምን አለ?» አሉኝ ጋሽ ዳልሆ።

እዚያ ላይ ነው የገባኝ። ያ ሰውዬ የተናገረው በአንድ ጣውላ ማዶ ሆኖ ነው፤ ድምፁን እሳቸውም ሰምተዋል፤ ቃሉ ግን አልተለየላቸውም። ዓመቱን ሙሉ የፈለጉት ድምፅ ፒክአፖቹ ላይ አልጠፋም ነበር። ከሦስት ሺ በላይ ያለው ዓለም ከእሳቸው ላይ ሄዷል። በአዳራሹም የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ እስከ ጫፍ ድረስ የሚያዞሩት ስላልሰሙት ነው፤ ሴቶቹ ጆሯቸውን የሚይዙት ስለሚሰሙት ነው። እኔም ትዕቢቴ አሳውሮኝ በገዛ እጄ ፈተና ላይ አስቀመጥኳቸው። አንጀቴን በሉኝ።

«ሻይ ትጠጣላችሁ ወይ ነው የሚለው» አልኩ። «ልክ ነዎት፤ አልቀየርኩትም። ሦስተኛው ላይ እንዳለ ነው።»

ጋሽ ዳልሆ ቀስ ብለው ዞሩ። ጣቴ ገና ማዞሪያው ላይ ነበር። ማዞሪያው አንደኛው ላይ ቆሟል። ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲያነቡ አየኋቸው፤ ቅድም አብረን ስለለካናቸው ትርጉማቸውን ያውቁታል፤ ያስተማርኳቸው እኔ ነኝ። ባላስተምራቸው ኖሮ ውሸቴ ያዋጣኝ ነበር።

«ሦስት ሺ አንድ መቶ» አሉ፤ «አራት ሺ ስምንት መቶ። ፒክአፗ አብልጣ የምትናገረው እዚህ ነው አላልሽኝም?»

«ብያለሁ።»

«እንግዲያው እሷ ትናገራለች» አሉ።

የመፈተሻውን ጊታር አስቀመጥኩ። እሳቸው ካፖርታቸውን አንስተው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና እጃቸውን ከምንጣፉ ሙቀት ላይ አኖሩ። አንድ ደንበኛ መጥቶ ስንት ኪሎ እንዳለኝ ጠየቀኝ፤ ዛሬ ኪሎ የለም ብዬ መለስኩት። ከዚያ ስለ ወፎች አነሱልኝ። ከቤታቸው ጀርባ ያለው ዛፍ ላይ ድምቢጦች ነበሩ፤ በዚህ ዓመት አልመጡም ብለው ጎረቤታቸውን ሲጠይቁ ሰውዬው አፍጥጦ አያቸው። ያኔ አልገባኝም ነበር አሉ።

ሐኪም ይዩ አልኳቸው። እሺ፣ ከዶንግጂ በኋላ እሄዳለሁ አሉ። አሁን ብሄድና ቢነግሩኝ ያን ቀን መጫወት ያቅተኛል። እትዬ ጌዎል ከሰሙ ደግሞ ያዝኑልኛል፤ አዝነውልኝ ከሚያስቀምጡኝ ቢያባርሩኝ ይሻለኛል አሉኝ። እኔም ነገሩን ሆዴ ይፍጀው አልኩ። ኋላ በሚቀጥለው ዓመት እሳቸው ራሳቸው ለእትዬ ጌዎልም ለገበያውም ባይናገሩት ኖሮ ዛሬም አፌን አልከፍትም።

ከዚያ ቀና ብለው ሥራ አዘዙኝ። ማዘዛቸውስ ይሁን፤ ምንም እንዳልሆነ ደንበኛ ሆነው ማዘዛቸው ነው የከበደኝ።

«ጠምጥሚልኝ። ለእኔ ጆሮ አይደለም፤ ለእነሱ። እኔ ብርድ ልብስ ውስጥ ብሰማው ግድ የለም። አንቺ ቁጥሩን ታውቂያለሽ።»

«ሳይሰሙት ይጫወቱታል?»

«ጣቶቼ ይሰሙታል። አንቺ ብቻ እጄ ማዞሪያው ላይ እንዳይሄድ አድርጊልኝ።»

ጠመጠምኩ። እንደዚያ ተጨንቄ የጠመጠምኩት ጊዜ ትዝ አይለኝም። በቁጥር ብቻም አልተማመንኩ። ሱቄን ዘግቼ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ እየሄድኩ ከሚደንሱት ሴቶች ጋር ለስላሳ ጠጣሁ፣ አንድ ፀጉሩን ቀለም የተቀባ ሽማግሌም እግሬን ረገጠኝ። የትኛዋ ቦታ ላይ ጆሯቸውን እንደሚይዙ ቆሜ አየሁ። የአኮርዲዮኑ ድምፅ የት እንደሚቀመጥ፣ ጊታሩ ከእሱ በላይ ምን ያህል ብቻ ቢወጣ እንደሚበቃ በሳጥኗ ለካሁ። ሱቅ ተመልሼ ጥቂት መቶ ዙር ጨመርኩ፣ ማግኔቱን በለዘበ ማግኔት ቀየርኩ፣ ከአዳራሹ ገመድ ጋር ኮረብታው ከሦስት ሺ ጥቂት ከፍ ብሎ እንዲቆም አደረግኩ። አምፕሊፋየራቸው ላይ እያንዳንዱ ማዞሪያ የት መቆም እንዳለበት በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት አደረግኩላቸው። የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ በሙጫ ላጣብቀው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው፤ ትንሽ አስበው አይ፣ ነፃ ይሁን፣ እኔው እጠብቀዋለሁ አሉ።

በዶንግጂ ቀን አዳራሹ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሞልቶ ነበር። ገንፎው በወረቀት ሳህን ታደለ፤ ቆሜ እየበላሁ ከመድረኩ በስተግራ፣ ከምሰሶው አጠገብ ቦታ ያዝኩ። እትዬ ጌዎል አኮርዲዮናቸውን አንግተው ወጡ። ጋሽ ዳልሆ ከኋላቸው ተቀምጠዋል፤ ግራጫ ኮታቸውን ለብሰዋል፤ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም። ፈጣኑ ዜማ ሄደ፣ ሌላው ቀጠለ፤ ማንም ምንም አላለም። እኔ ግን የማየው ቀኝ እጃቸውን ብቻ ነበር። ዝግተኛው ዘፈን ላይ ደርሰው እትዬ ጌዎል መዝፈን አቆሙና ለጊታሩ ለቀቁላቸው። የሚፈራው ቦታ ይሄ ነው። ሁለተኛው መስመር ላይ ጋሽ ዳልሆ ቀና አሉ፤ እጃቸው ከክሮቹ ተነሥቶ ወደ አምፕሊፋየሩ ሄደ፣ ጣታቸውም የቀጭኑን ድምፅ ማዞሪያ ነካ። ከየት ሆኜ ልከልክላቸው! ሰው ለራሱ ሳይሰማ መጫወት ጉድጓድ ውስጥ እንደመናገር ነው፤ ማን ይችለዋል። ጣታቸው እዚያው ለአንድ ትንፋሽ ያህል ቆየና ሳያዞረው ተመለሰ።

ወደ ወንበሯ የተመለሰች ሴት አልነበረችም።

ሲያበቃ እትዬ ጌዎል አኮርዲዮናቸውን እንዳነገቡ ወደ እሳቸው ዞረው ሰው ሁሉ እየሰማ ተናገሩ።

«ዳልሆ፣ ዛሬ ገና ጆሮህን ከፈትክ። ከዓመት በፊት እንዲህ ብታዳምጥ ምን ነበረበት?»

ጋሽ ዳልሆ ከወንበራቸው ተነሥተው ዝቅ ብለው እጅ ነሡ። «አጠፋሁ እትዬ» አሉ። እትዬ ጌዎል ትከሻቸውን መታ አድርገው ለአዲሱ ዓመትም እዚሁ ወንበርህ ላይ ነህ አሏቸው፤ ሰዉም አጨበጨበ። እኔ ምሰሶውን ተደግፌ አለቀስኩ፤ አጠገቤ ያለችው አሮጊት ገንፎው አቃጠለሽ ወይ ብላ ጠየቀችኝ።

እረፍት ሲሆን ጋሽ ዳልሆ በሰው መሀል ሰንጥቀው መጡ። ሰው እጃቸውን እየጨበጠ ያደንቃቸዋል፤ እሳቸው ለሁሉም አንገታቸውን ነቀነቁ፤ ሰዉ የሚላቸውን ግን በዚያ ጫጫታ ውስጥ እንደማይሰሙ አሁን አውቃለሁ። አጠገቤ ሲደርሱ ጀርባቸውን ለአዳራሹ ሰጥተው ጆሯቸውን ወደ አፌ አቀረቡ።

«እንዴት ነበር?» አሉኝ። «ያቺ ዝግተኛዋ። ሳታሳምሪ ንገሪኝ።»

ሳላሳምር ነገርኳቸው። ድምፁ ከአኮርዲዮኑ ሥር ጀምሮ በቀስታ እንደወጣ፣ ሲወጣም ማንንም እንዳልገፋ ነገርኳቸው። ከላይኛው ክር ላይ ያቺን የመጨረሻዋን ቀጭን ድምፅ ሲነኩ ንጹሕ ሆና እንደወጣች፣ አኮርዲዮኑ ካቆመ በኋላም ብቻዋን ጥቂት እንደቆየች፣ አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች አንዲት ሴትም ያቺ ድምፅ እስክታልቅ ድረስ ለዳንስ ያነሳችውን እግሯን እንዳላሳረፈች ነገርኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ።

«ያቺን የመጨረሻዋን ድገሚልኝ» አሉ።

ደገምኩላቸው።